ያላስገጠምኩት ጎማ

ቀናተኛ ሰው ነኝ። ይህን ሳልናገር ታሪኩን ብጀምረው ግማሹን እንደ መደበቅ ይሆንብኛል። በሚስቴ ብቻ የምቀና እንዳይመስላችሁ ደግሞ። በሰው ቤት እቀናለሁ፣ በሰው ሥራ እቀናለሁ፣ ሌላ ሰው ሲመሰገን ስሰማ ሆዴን ይቆርጠኛል። በመኪና ጎማ የቀና ሰው ግን ከእኔ በፊት ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

ነገሩ የሆነው እዚህ ካልጋሪ፣ ልጄ ናሆም በተወለደ በአርባኛው ቀን ነው። ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ከማለዳ እስከ ረፋድ ባለው ጊዜ ተጀምሮ ያለቀ ነገር ነው። ግን ከዚያ ቀን በፊት የነበርኩትን ሰውዬ ዛሬ መንገድ ላይ ባገኘው ሰላም የምለው አይመስለኝም።

ማን እንደነበርኩ ላስተዋውቃችሁ። አዲስ አበባ እያለሁ ዘጠኝ ዓመት ሚኒባስ ነድቻለሁ። የሽሮ ሜዳን ቁልቁለት በሐምሌ ዝናብ፣ ፍሬኗ በጸሎት በምትይዝ መኪና ወርጃለሁ። ስለዚህ መንዳትን በሚመለከት ማንም እንዲመክረኝ አልፈልግም ነበር። ከሁሉም በላይ ደግሞ ወንድወሰን እንዲመክረኝ አልፈልግም።

ከወንዴ ጋር ካልጋሪ የገባነው በአንድ ዓመት ነው። ማርቲንዴል የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ቤዝመንት፣ ምድር ቤት፣ ተጋርተን፣ ከአንድ ድስት በልተን ኖረናል። ያኔ ወንዴ መንዳት ቀርቶ የመኪና በር መዝጋት አያውቅም ነበር፤ ወይ አይዘጋለትም፣ ወይ ሊገነጥለው ይደርሳል። መሪ ያስጨበጥኩት እኔ ነኝ። እሁድ እሁድ ባዶ ፓርኪንግ እየወሰድኩ «ፍሬኑን ከሥሩ እንቁላል እንዳለ አድርገህ ርገጠው» እያልኩ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ እሱ ማታ ማታ ተማረ፣ ኤሌክትሪሺያን ሆነ፣ ኮራል ስፕሪንግስ ሐይቁ አጠገብ ቤት ገዛ። ሚስቱ አዲስ አበባ ናት፤ የመምጫ ፕሮሰሷ ዓመታት ፈጅቶ አላልቅ ብሏል። እኔ ፍሬሕይወትን አገባሁ፣ የዴሊቨሪ ሥራዬን ያዝኩ፣ ያችን ቤዝመንት አልለቀቅኳትም። የሚያንገበግበኝ ግን ቤቱ አልነበረም። የሚያንገበግበኝ ፍሬ በቀን ሦስቴ የምታመጣት አንዲት አባባል ነበረች፤ «ወንዴ እንዳለው»። ወንዴ እንዳለው ቫይታሚን ዲ መውሰድ አለብን። ወንዴ እንዳለው ፎርሙን ሳይረፍድ መሙላት ነው። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ማዕዴ ላይ ወንዴ የሌለበት ጉርሻ አልነበረም።

ፍሬ እርጉዝ በነበረችበት በዚያ ኦክቶበር ወንዴ የድሮ መኪናውን ሸጦ ከፍ ያለች አዲስ መኪና ገዛ። አንድ ቅዳሜ መጥቶ ቁጭ እንኳን ሳይል ጀመረ።

«ጌች፣ የድሮዋ መኪና ዊንተር ታየሮች፣ የበረዶ ጎማዎቹ፣ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጠዋል። ሳይዛቸው ካንቺው መኪና ጋር ልክ ነው። ሁለት ዊንተር ብቻ ነው የነዳሁባቸው፤ ውሰዳቸው።» ሲቀልድ «አንቺ» ይለኛል፤ ከቤዝመንቱ ዘመን የቀረ ልማድ ነው።

ፍሬ ከሶፋው ላይ «ተመስገን!» አለች፣ ሆዷን ይዛ። ያቺ «ተመስገን» ነገሩን አበላሸችው። እሱ ባያመጣው፣ እሷም ባትደሰት ኖሮ እቀበል ነበር መሰለኝ።

«ምን ያደርግልኛል?» አልኩ። «ኦል ሲዝን አለኝ። ስሙ ራሱ ለሁሉም ወቅት ነው የሚለው።»

ወንዴ እጄን ይዞ ወደ ውጭ ወሰደኝና መኪናዬ አጠገብ ቁጢጥ አለ። በጣቱ የጎማውን ጎን እየዳሰሰ «ይኸውልህ፣» አለኝ፣ «እዚህ ጋ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ፣ ተራራው ውስጥ ደግሞ የበረዶ አበባ ምልክት ካለው ዊንተር ታየር ነው። ያንተ የለውም። ብርዱ ሲጠና የኦል ሲዝን ጎማ ይደርቃል፣ መሬቱን አይዝም። የዊንተሩ እንደለሰለሰ ነው የሚቆየው።»

«ሕጉ ያስገድዳል?»

«ሕጉማ አያስገድድም።»

«በቃ። ወንዴ፣ መንዳት ያስተማርኩህን ሰው ስለ ጎማ ታስተምረዋለህ?»

እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ኖቬምበር ላይ፣ ከፍሬ ጋር ከክሊኒክ ስንመለስ መኪናችን ፓርኪንግ ውስጥ ትንሽ ተንሸራትታ ከጠርዙ ጋር ተላተመች። ምንም አልሆንንም፤ ፍሬ ግን ሆዷን አቅፋ ቀረች። ቤት እንደገባን «ዛሬውኑ ወንዴ ጋ ደውልና ጎማዎቹን ተቀበል» አለችኝ። እኔ ደግሞ ያን ስም ከሰማሁ ጆሮዬ ይደፈናል። «የሰው ጎማ አልፈልግም፤ ነገ አዲስ አስገጥማለሁ» አልኳት።

በማግስቱ ወጣሁ። እውነቴን ነው፣ ሱቅ ድረስ ሄጃለሁ። በሩ ላይ ረጅም ሰልፍ ነበር። ቆሜ ሳስብ፣ ጎማውን ባስገጥም ወንዴ ትክክል ነበር ማለት ነው የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ይህቺን ሐሳብ መዋጥ አቃተኝ። ተመለስኩና ዶናት ቤት ቁጭ ብዬ ሁለት ሰዓት ፈጀሁ። ከዚያ መኪናዋን አሳጠብኩ፣ ጎማዎቹን የሚያብረቀርቅ ነገር አስቀባሁና ቤቴ ገባሁ።

ፍሬ በመስኮት አየቻቸው። «ሲያምሩ!» አለች። «አሁን እንቅልፍ ይወስደኛል።»

እንቅልፍ ወሰዳት። እኔንም እንደወሰደኝ ብነግራችሁ የምትታዘቡኝ ይመስለኛል፤ ግን ወስዶኛል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የተባለው እንዲህ ላለው ነው። በሳምንቱ እኔ ራሴ አዲስ ጎማ ያለኝ እየመሰለኝ ነበር የምነዳው።

ናሆም ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ በሰላም ተወለደ። ፍሬ ክርስትና የሚያነሳው ወንዴ እንዲሆን ፈለገች። እኔ ኤድመንተን ያለውን የአጎቴን ልጅ በሐሳብ አቀረብኩ፤ እሱ ሺፍት አለኝ ብሎ ቀረ። ሌላ ሰበብ አጣሁ። የልጄ የክርስትና አባት ወንዴ ሊሆን ነው። ከዚህ በኋላ «ወንዴ እንዳለው» የሚለው ንግግር በቤቴ ውስጥ ሥልጣን ያገኛል ማለት ነው ብዬ በሆዴ ተቃጠልኩ።

ወንድ ልጅ በአርባው ነው ክርስትና የሚነሳው፤ ቀኑ አይገፋም፣ አይጎተትም። የናሆም አርባ ደግሞ እሁድ ዋለ። በዚያ ሳምንት ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ መጥቶ በረዶውን አቅልጦት ነበር። ቅዳሜ ብርዱ በአንድ ጊዜ ተመለሰ፤ የቀለጠው ውሃ መስታወት ሆነ፣ በላዩ ላይ ደግሞ አዲስ በረዶ ወረደና ሸፈነው። ካልጋሪ የኖረ ሰው ከዚህ የከፋ መንገድ እንደሌለ ያውቃል።

እሁድ ገና ሳይነጋ ስልኬ ጮኸ። ወንዴ ነው።

«ጌች፣ መንገዱ በጣም ባድ ነው። ልምጣና ልውሰዳችሁ።»

«ልጄን እኔው አደርሰዋለሁ።»

«እሱማ ታደርሰዋለህ። የኔዋ ግን ዊንተር ታየር…»

«የኔም አላት» አልኩና ዘጋሁት። ፍሬ አጠገቤ ነበረች። ከአርባ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ነጭ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጃኬቷን ደርባ ተዘጋጅታለች። «እንዴት ጨዋ ሰው ነው» አለች።

መኪና ውስጥ አራት ነበርን። ከፊት ከእኔ ጎን እትዬ ዘውዴ፤ ፎቁ ላይ የሚኖሩት አከራያችን ናቸው፤ ፍሬን አርባውን ቀን ሙሉ እንደ እናት ያረሷት እሳቸው ናቸው። ከኋላ ፍሬና በሕፃን ወንበሩ፣ በካር ሲቱ ውስጥ፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለው ናሆም። ቤተክርስቲያናችን ከሜይላንድ ሃይትስ ቁልቁለት ተወርዶ፣ ዲርፉት የሚሉትን ፈጣን መንገድ ተሻግሮ፣ ማዶ ካለው ዳገት ላይ ነው።

ከማርቲንዴል እስከ ሜይላንድ ሃይትስ ሜዳ ነው፤ በደህና ሄድን። በየመብራቱ ስቆም መኪናዋ ከምፈልገው ቦታ ትንሽ እያለፈች ትቆም ነበር። አየሁት፤ እንዳላየሁ ሆንኩ። ወገባችን ላይ የሞት ገመድ እንደታሰረ አውቄ እየነዳሁ እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህን ሳስብ ነው እስከ ዛሬ የማፍረው።

«ቀስ በል ልጄ» አሉ እትዬ ዘውዴ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

«አይዞዎት እትዬ፣ ሹፌር ነኝ።»

«ደግሞ ጎማው አዲስ ነው» አለች ፍሬ ከኋላ፣ ልታረጋጋቸው።

ቁልቁለቱ አናት ላይ ስንደርስ ከታች ቀይ መብራት አየሁ። በሩቁ ፍሬን ነካሁ፣ እንቁላል እንዳለ አድርጌ። መኪናዋ አልሰማችኝም። ትንሽ ጠበቅ አደረግኩት፤ ከእግሬ ሥር ፍሬኑ ይንገጫገጭ ጀመር፣ መኪናዋ ግን ፍጥነት ጨመረች። መሪውን ወደ ቀኝ ዞር አደረግኩ፤ መሪው ዞረ፣ መኪናዋ አልዞረችም። ሞተሩ ይሰማል፣ ሁሉም ነገር በእጄ ነው፣ የሚታዘዘኝ ግን ምንም የለም። ዘጠኝ ዓመት ሚኒባስ ስነዳ እንደዚህ ያለ ነገር አጋጥሞኝ አያውቅም።

«ጌትነት!» አለች ፍሬ። ሙሉ ስሜን የምትጠራው ስትፈራ ብቻ ነው።

«ኪዳነ ምሕረት! ኪዳነ ምሕረት!» ይላሉ እትዬ ዘውዴ።

ቀዩን መብራት በጎናችን ተንሸራትተን አለፍነው። ከግራ በኩል የበረዶ መጥረጊያ መኪና ይመጣ ነበር፤ የፊቱ ብረት ከእኛ መኪና በር ይሰፋል። ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ያ ድምፅ መኪናችን ውስጥ ሞላ፣ መብራቱ የሚስቴን ፊት በመስታወቱ ውስጥ አሳየኝ፤ ካር ሲቱ ላይ በሙሉ አካሏ ተደፍታ ነበር። መኪናዋ አንድ ሙሉ ዙር ዞረች። ከዚያ መንገድ ዳር የተቆለለው በረዶ ውስጥ በቂጧ ገባችና ቆመች። መጥረጊያው መኪና አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት አልፎን ሄደ።

ከዚያ ናሆም አለቀሰ። እንደዚያ ቀን ለቅሶ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ፍሬ ብርድ ልብሱን ገልጣ ጣቱን፣ ጭንቅላቱን፣ እግሩን ዳበሰች። «ደህና ነው» አለች፤ ቀጥላም «ጎማው አዲስ አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

እዚህ ጋ አፌን ሞልቼ እውነቱን ተናገርኩ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ያልኩት ግን ይህን ነው፤ «ያው ያንቺ ወንዴ ዊንተር ታየር ዊንተር ታየር የሚለው ለዚህ ነው? አየሽው አይደል? ምንም አይጠቅምም።»

ከሞት ተርፌ፣ ልጄ እያለቀሰ፣ የመጀመሪያ ሥራዬ ወንዴን መክሰስ ሆነ። ቅናት ሰውን እዚህ ድረስ ያወርደዋል።

ብዙም ሳይቆይ የወንዴ መኪና ከኋላችን ቁልቁለቱን ወረደች። ቀስ ብላ መጥታ፣ መቆም ካለባት ቦታ ላይ ቆመች። ነጠላውን አጣፍቶ፣ የቤተክርስቲያን ጫማውን አድርጎ እየሮጠ መጣ። መጀመሪያ የኋላውን በር ከፍቶ «ልጁስ?» አለ። ከዚያ «እትዬ፣ ተጎዱ?» አላቸው። ከዚያ አካፋውን ከመኪናው አምጥቶ ጎማዎቹ ዙሪያ ያለውን በረዶ ይጠርግ ጀመር። እኔም ወርጄ በእግሬ መግፋት ያዝኩ።

ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ሲል አየሁት። በጓንቱ የጎማውን ጎን ጠረገ። ጓንቱ ቆመ። ወደሚቀጥለው ጎማ ሄዶ ጠረገ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

ፍሬ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ «ወንዴ፣ ዊንተር ታየር እያለው እንዲህ ይንሸራተታል እንዴ?» አለችው።

ትዳሬ በዚያ ሰው አፍ ላይ ተንጠልጥሏል። እኔ ብሆን ኖሮ፣ በእሱ ቦታ ሆኜ ጌትነትን በአንዲት ቃል መጣል የምችል ቢሆን፣ አደርገው እንደነበር እናንተም ገምታችኋል።

«ከሥሩ ግግር በረዶ ነው፣ ፍሬ» አላት። «ዛሬ ለማንም አይመችም።» ከዚያ ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠ። «ጌች፣ የኔዋ ሰፊ ናት፣ ካር ሲቱን እዚያ አስገባና ሂዱ። ልጁን በአርባው ቤተክርስቲያን የሚያደርሰው አባቱ ነው። የክርስትና አባት ሹፌር አይሆንም።»

«እንዲህ ያለ ወግ አለ እንዴ?» አሉ እትዬ ዘውዴ።

«በኛ አገር አለ» አለ ወንዴ። ያደገው አዲስ አበባ ጉለሌ፣ ከእትዬ ዘውዴ የድሮ ቤት ሁለት መንደር አልፎ ነው። እትዬ ዘውዴ አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ነጠላቸውን ሰብስበው ከመኪናው ወረዱ።

«አንተስ?» አለች ፍሬ።

«እዚህ ከተተወች መጥረጊያው ይገጫታል፤ ያንቺን መኪና ይዤ ቀስ እያልኩ ከኋላ እመጣለሁ።»

የወንዴን መኪና ነዳሁ። የቀረውን ቁልቁለት ስወርድ ፍሬን ነካሁ፤ ቆመች። ያልኳት ቦታ ላይ ቆመች። ዳገቱን ስትወጣ በዚያው በረዶ ላይ መሬቱን በጥፍሯ እየቧጠጠች የምትወጣ ነበር የሚመስለው። ላመሰግን ይገባኝ ነበር። እኔ ግን፣ ይቅር ይበለኝ፣ በጎማው ቀናሁ። ጥርሴን ነክሼ «ይሄ ሰው ጎማው እንኳን ይታዘዝለታል» አልኩ በሆዴ።

ቤተክርስቲያን ደረስን። ውሃው ተዘጋጅቷል፣ ቀሲስ ቆመዋል፣ ሌሎች ሁለት ሕፃናት አስቀድመው ተጠምቀዋል። የቀረው ናሆም ነው። ወንዴ የለም። አሥር ደቂቃ ጠበቅን፣ ሃያ ደቂቃ ጠበቅን። ስደውል አያነሳም።

ቀሲስ ወደ እኔ ቀረብ ብለው «ቅዳሴ ሊገባ ነው» አሉኝ። «ልጁ ተጠምቆ መቁረብ አለበት። የክርስትና አባቱ ካልደረሰ ሌላ ወንድ ያንሳለት። ይኸው ወንድሞች አሉ።»

አርባ ቀን ሙሉ የፈለግኩት ነገር በእግሩ መጣ። እኔ አልጠየቅኩ፣ እኔ አልከለከልኩ፤ «እሺ አባ» ብል ብቻ ወንዴ የልጄ የክርስትና አባት አይሆንም። ማንም እኔን አይወቅስም። አፌን ከፈትኩ።

«ይጠብቁት አባ» አለች ፍሬ ከእኔ ቀድማ። «ወንዴ ቀስ ብሎ ስለሚነዳ ነው። የኛም መኪና ጎማዋ አዲስ ነው፤ ምንም አይሆንም፣ ይደርሳል።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ወንዴ በዚያ ጎማ ላይ ነው ያለው። ምን እንደሆነ አይቶ፣ ቁልፉን ተቀብሎኝ፣ ገብቶ ነዳት። አሁን ዲርፉት ላይ ተገልብጦ ቢሆን፣ ለምን እንደተገለበጠ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሚስቱ አዲስ አበባ ፕሮሰስ እየጠበቀች ናት።

«ደህና አይደለችም» አልኩ።

«ማን?»

«መኪናዋ። ዊንተር ታየር የላትም። አላስገጠምኩም፣ ፍሬ። አሳጥቤ ነው ያመጣኋት። ዋሸሁሽ።»

ፍሬ ልጁን ወደ ደረቷ አስጠጋችው። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቀችኝ።

«ወንዴ ያውቃል?»

«ጠዋት አይቷል።»

«አውቆ ነው የነዳት?»

«አውቆ ነው።»

«ጠዋት እኔንና ልጄን ስትጭነንስ አንተ ታውቅ ነበር?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። እትዬ ዘውዴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ቀሲስ ሁሉንም ሰምተዋል።

«ሂድ ፈልገው» አለችኝ ፍሬ። ቀሲስም «ሂድ፣ እስክትመጡ እንቆያለን» አሉኝ።

እየሮጥኩ ወጣሁ። ሰማዩ ገና መገርጣት መጀመሩ ነው። የወንዴን ቁልፍ በእጄ ይዤ ወደ መኪናዋ ስሄድ፣ ከዳገቱ ሥር አንድ ነጭ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ። ነጠላ ነው። ሁለት እርምጃ ይወጣል፣ አንድ ይንሸራተታል። የቤተክርስቲያን ጫማ አድርጎ፣ ጉልበቱ ድረስ በረዶ ለብሶ፣ በአንድ እጁ ፌስታል ይዟል። ወርጄ ያዝኩት። ከንፈሩ ደርቆ መናገር ከብዶታል።

«ጀመሩ እንዴ?» አለኝ፤ የመጀመሪያ ንግግሩ ይሄ ነበር።

«አልጀመሩም። ምን ሆንክ?»

«ዳገቱ እምቢ አለኝ። ሦስቴ ሞከርኩ፣ ሦስቴም ወደ ኋላ ወሰደችኝ። መኪናህ ደህና ናት፣ ከዳር አቁሜያታለሁ። ስልኬን እዚያው ረሳሁት።» ፌስታሉን አሳየኝ፤ ውስጡ ሻማና የናሆም ማተብ ነበሩ። «ይሄን ግን አልረሳሁም።»

«ወንዴ፣ ለምን አልነገርካትም?»

ቆም ብሎ ትንፋሹን ሰበሰበ። «ዛሬ የልጅህ ቀን ነው። በልጅህ ቀን ቤትህን ላፍርስ? ነገ ግን ለብቻህ ልሰድብህ አስቤ ነበር።»

«ነገርኳት።»

ከዚያ ክንዴን ጠበቅ አድርጎ ያዘና «በል ውጣ፣ ብርዱ ገደለኝ» አለኝ። ተደጋግፈን ወጣን፤ ማን ማንን እንደደገፈ አላውቅም።

ጫማውን አውልቆ፣ በረዷማ ካልሲውን እያንጠባጠበ ውሃው አጠገብ ቆመ። ቀሲስ ልጁን አጥምቀው ሲያወጡት እጁን ዘርግቶ ተቀበለ። እጁ ከብርዱ የተነሳ ቀይ ሆኖ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ልጁን ሲይዝ ግን ቆመ። ቀሲስ ይህን ልጅ እንደ አባት ልትጠብቀው ቃል ትገባለህ ወይ ብለው ጠየቁት። «እገባለሁ» አለ። እኔ ከኋላው ቆሜ አለቀስኩ። ለሃይማኖት ያለቀስኩ መስሏቸው አንድ እናት ጀርባዬን ደበሱኝ።

በማግስቱ ፍሬ ልጁን አቅፋ፣ ከእኔ ጋር ኮራል ስፕሪንግስ ሄደች። ወንዴ ጋራዡን ከፈተ። አራቱ ጎማዎች ጥግ ላይ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድረዋል። በላያቸው ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎ በማርከር «የጌች» የሚል ተጽፎበታል፤ የተጻፈው ከኦክቶበር ጀምሮ ነው፣ አቧራ ጠጥቷል። ሁለት ጓደኞቹ እንደጠየቁትና የሰው ነው እንዳላቸው በኋላ ከሌላ ሰው ሰማሁ። ፍሬ ፕላስተሩን አነበበች፣ አየችኝ፣ ወደ መኪናው ተመለሰች።

ዊንተር ታየር መግዛት ይጠቅማል ወይ ብላችሁ የምትጠይቁኝ ካላችሁ፣ ይጠቅማል። በአንድ ቁልቁለት፣ በአንድ ጠዋት፣ ሁለቱንም ዓይነት ነድቻለሁ፤ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም። እንደ እኔ «ሹፌር ነኝ» የሚል ካለ ደግሞ፣ በረዶው መንጃ ፈቃድ አይጠይቅም። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ እኔ ጎማ አጥቼ አይደለም። ጎማው በነጻ፣ ስሜ ተጽፎበት ይጠብቀኝ ነበር። እናንተስ? ትክክል መሆኑን እያወቃችሁ፣ የተናገረው ሰው እገሌ ስለሆነ ብቻ እምቢ ያላችሁት ነገር የለም? ካለ ልጃችሁን ከመጫናችሁ በፊት አስቡበት።

ቅናቴ ለቀቀኝ ብዬ ሌላ ውሸት አልጨምርም። ወንዴ ዛሬ አበልጄ ነው፤ ሚስቱም መጥታለች። ናሆም እሱ እቅፍ ውስጥ ገብቶ ዝም ሲል አሁንም ሆዴን ቆረጥ ያደርገኛል። ልዩነቱ፣ አሁን ሲቆርጠኝ አውቀዋለሁ፣ በስሙም እጠራዋለሁ።

ፍሬም ይቅር ብላኛለች። በአፏ ብላኛለች፣ አምናታለሁም። ግን በየዓመቱ የመጀመሪያው በረዶ ሲወርድ፣ ናሆምን ከማስገባቷ በፊት፣ መኪናችን አጠገብ ቁጢጥ ትልና በጓንቷ የእያንዳንዱን ጎማ ጎን ትጠርጋለች። ተራራውንና የበረዶ አበባውን በዓይኗ ታያለች። አራቱንም። ከዚያ ተነስታ ልጁን ወንበሩ ላይ ታስራለች። እኔ ቁልፉን ይዤ ቆሜ እጠብቃለሁ። አስገጠምክ ወይ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም።